አይኪው ምን ይለካል? የልጅ የማሰብ ችሎታስ በምን ይገነባል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይነሳል። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ወደ መሀል ከተማ በሚገባ አውቶቡስ ላይ «የዘንድሮ ልጅ ጭንቅላት የለውም» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። በየስልኩ ደግሞ የአገራትን አይኪው፣ ማለትም በፈተና የሚለካ የማሰብ ችሎታ ነጥብ፣ በቀለም የሚያሳይ ካርታ ይዞራል፤ ኢትዮጵያን ከመጨረሻዎቹ ተርታ አስቀምጦ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ብሔራዊ ፈተናውና የማሰብ ችሎታ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ብሔራዊ ፈተናው የሚጠይቀው ተማሪው ክፍል ውስጥ ተምሮታል የሚባለውን ይዘት ነው። መምህሩ ምዕራፎቹን ሳይጨርስ ዓመቱ ካለቀ፣ መጽሐፍም ካልተዳረሰ፣ የትኛውም ብሩህ ልጅ ያልተማረውን ኬሚስትሪ ከራሱ አያመነጭም። በ2014 ዓ.ም የተለወጠውም የልጆቹ አእምሮ ሳይሆን የፈተናው አሰጣጥ ነው። ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ፤ የኩረጃው በር ሲጠብ ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየው የትምህርት ጥራት ጉድለት ፊት ለፊት ወጣ። የሰው ልጅ አእምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ በዚያ መጠን አይወርድም።

ታዲያ የማሰብ ችሎታ ምንድን ነው?

ለሥራ የሚመቸው ትርጉም ይህ ነው፦ ያልተለመደ ነገር ሲገጥም ማገናዘብ፣ ማቀድ፣ መፍትሔ መፈለግ፣ ካለፈው ቶሎ መማር። ይህ ችሎታ አንድ ነው ወይስ ብዙ የሚለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የውጭ ጥናቶች ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን በ1904 የተማሪዎችን ውጤት ሲመረምር፣ በአንዱ ትምህርት የበረታ በሌላውም የመበርታት ዝንባሌ እንዳለው አየ። ከዚህ ተነስቶ ከሁሉም ሥር አንድ ጠቅላላ ችሎታ አለ ብሎ ደመደመ፤ «ጂ» ሲል ሰየመው። አሜሪካዊው ልዊስ ተርስቶን በ1938 ይህን ተቃወመ፤ የቃላት መረዳት፣ የቁጥር፣ የቦታና የቅርጽ፣ የማስታወስ እያለ ሰባት ችሎታዎችን ዘረዘረ።

ለዕለት ኑሮ ይበልጥ የሚጠቅመው የሬይመንድ ካቴል ክፍፍል ይመስለናል። እሱ ችሎታውን በሁለት ከፈለው፤ «ፈሳሽ» እና «የረጋ» ብሎ። ፈሳሹ ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቀውን እንቆቅልሽ የምንፈታበት ነው፤ በወጣትነት ጫፍ ላይ ይደርስና ቀስ እያለ ይቀንሳል። የረጋው በትምህርትና በዕድሜ የሚከማቸው ነው፤ ቃላት፣ እውቀት፣ የነገር ልምድ። ይህኛው እስከ ሽምግልና ድረስ ሊያድግ ይችላል። አዲስ የስልክ መተግበሪያ ቀድሞ የሚገባው የ20 ዓመቱ ልጅ ነው፤ እድር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ነገሩን ከሥሩ አውቆ የሚፈታው ግን ሽማግሌው ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ የተለያዩ ናቸው። በ1993 ጆን ካሮል ከ460 በላይ የጥናት መረጃዎችን እንደገና አስልቶ ሁሉንም በሦስት ደረጃ አስታረቃቸው፦ ከታች ብዙ ጠባብ ክህሎቶች፣ መሀል ላይ እንደ ፈሳሽና የረጋ ያሉ ሰፋፊ ችሎታዎች፣ ከላይ የስፒርማን ጠቅላላ ችሎታ። ዛሬ አብዛኞቹ የአይኪው ፈተናዎች የሚሠሩት በዚህ ቅርጽ ነው።

በ1983 ሃዋርድ ጋርድነር ያቀረበው፣ የሙዚቃ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከሰው ጋር የመግባባት ወዘተ. ብልህነት አለ የሚለው ሐሳብ በመምህራን ዘንድ በጣም ይወደዳል። የሰው ተሰጥኦ ብዙ መሆኑን ማስታወሱ መልካም ነው። ነገር ግን ሲለኩ «ብልህነቶቹ» እሱ እንዳለው አንዱ ከሌላው ተነጥለው አይገኙም። «ልጄ የሙዚቃ ብልህነት ስላለው ሒሳብ አይመለከተውም» ብሎ ልጁን ከሒሳብ ማራቅም ከዚህ ሐሳብ የሚመነጭ አይደለም፤ ልጁን ይጎዳዋል።

አይኪው 100 ማለት ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያውን ጠቃሚ ፈተና በ1905 ፓሪስ ውስጥ ያዘጋጁት አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን ናቸው። ዓላማቸው ክፍል ውስጥ ወደኋላ የቀሩትን ልጆች ለይቶ ተጨማሪ እገዛ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ቢኔ ውጤቱ የማይለወጥ የተፈጥሮ መጠን ተደርጎ እንዳይወሰድ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ቶሎ ተረሳ።

በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን ነገሩን ወደ ስሌት አወረደው፤ የልጁን የአእምሮ ዕድሜ ለእውነተኛ ዕድሜው ማካፈል። በኋላ በ100 ማባዛት ተጨመረበት። የ8 ዓመት ልጅ የ10 ዓመት ልጆች የሚሠሩትን ከሠራ 10 ሲካፈል ለ8፣ ሲባዛ በ100፣ 125 ይሆናል። ይህ ስሌት ለአዋቂ አይሆንም፤ የ60 ዓመት ሰው ከ30 ዓመቱ ሁለት እጥፍ አያስብም። ስለዚህ ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ቀየረው። በእሱ አሠራር ሰውየው የሚነጻጸረው ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ነው። የእኩዮቹ አማካይ 100 ተብሎ ይሰየማል፤ ከመቶ ሰው 68ቱ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ከ70 በታች 2 ያህል፣ ከ130 በላይም 2 ያህል ነው። ስለዚህ አይኪው እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሊትር የሚሰፈር ነገር አይደለም፤ ከአንድ በግልጽ ከሚታወቅ ቡድን ጋር ሲወዳደር የተያዘ ደረጃ ነው። ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢፈተን አምስት ነጥብ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

ፈተናው ውስጥ ምን አለ? ፈታኙ ቁጥሮችን በየሰከንዱ አንድ እያለ ይጠራል፤ 5፣ 8፣ 2። ልጁ ይደግማል። ከዚያ አራት፣ አምስት ቁጥር እያለ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ከኋላ ወደፊት እንዲል ያዘዋል። በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድ የተደረደሩ ቅርጾች ይታዩና የመጨረሻው ባዶ ቦታ የትኛው እንደሚገባበት ይጠየቃል። ከዚያ የመመሳሰል ጥያቄ አለ፦ «ፍየልና ዶሮ በምን ይመሳሰላሉ?» ዓይነት። «ሁለቱም እንስሳት ናቸው» ያለ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «ሁለቱም ለበዓል ይታረዳሉ» ያለ ልጅ ያነሰ ያገኛል፤ ወይም ዜሮ። የሁለተኛው ልጅ መልስ ስህተት የለበትም፤ ነገሮችን የመደባቸው በጥቅማቸው ነው። «እንስሳት» ብሎ በወገን መመደብ በአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚያስለምደው የአስተሳሰብ ልማድ ነው። ፈተናው እውነተኛ ነገር ይለካል፤ ከሚለካው ውስጥ ግን ከትምህርት የተገኘው ብዙ ነው።

ካርታው ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቁጥር ከየት መጣ?

የሚዘዋወሩት ካርታዎች በአብዛኛው የሚነሱት ሪቻርድ ሊን እና ታቱ ቫንሃነን በ2002 ካወጡት ዝርዝር ነው። ለኢትዮጵያ 63 ብለዋል። መነሻቸው በአገራችን የተደረገ ጥናት አልነበረም። ወደ እስራኤል ከተሰደዱ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸው የ15 ዓመት ቤተ እስራኤል ልጆች የወሰዱት አንድ የቅርጽ ፈተና ነው። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት አይተው የማያውቁ፣ ከስደት መከራ ገና የወጡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ተነስቶ ስለ መላው ሕዝብ መናገር በየትኛውም የጥናት ሥርዓት አይፈቀድም። ቁጥሩን እንዳለ ብንቀበለው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ የአእምሮ ዝግመት አለበት ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከሚነግድ፣ ከሚያርስ፣ እቁብ ከሚጥል ሕዝብ ኑሮ ጋር አይገጥምም። በ2020 የአውሮፓ የሰው ባህርይና አዝጋሚ ለውጥ ተመራማሪዎች ማኅበር ይህ የአገራት ዝርዝር ለጥናት እንዳይውል የሚያሳስብ መግለጫ አውጥቷል።

ከዚያው ከእስራኤል የመጣ ሌላ ሥራ ሊታወቅ ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ የአንደኛ ክፍል ልጆችን መጀመሪያ ፈተኑ፤ ከእስራኤል ተወላጆቹ ዝቅ ብለው ተገኙ። ቀጥሎ እንዴት ማነጻጸር፣ እንዴት ሳይቸኩሉ ማየት እንደሚቻል ለአጭር ጊዜ አስተማሯቸውና እንደገና ፈተኑ። ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። የጎደላቸው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መለማመድ ነበር።

ከዘር የሚወረስ ከሆነ ሊለወጥ እንዴት ይችላል?

ከሁሉ ይበልጥ የሚምታታው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ እንስጠው።

ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። የመጀመሪያዎቹ በአይኪው ይበልጥ ይቀራረባሉ። ከዚህ ንጽጽር የሚወጣው ስሌት፣ በሀብታም አገሮች በአይኪው ለሚታየው የሰዎች ልዩነት የዘር ድርሻ በልጅነት ከ20 እስከ 40 በመቶ፣ በአዋቂነት ከ60 በመቶ በላይ እንደሆነ ያሳያል። አንድ «የብልህነት ጂን» ግን የለም። እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት የሚያበረክቱ ብዙ ሺህ የዘረ መል ልዩነቶች ናቸው።

«60 በመቶ ይወረሳል» ማለት ከአንድ ሰው ብልህነት ውስጥ 60 በመቶው ከአባትና ከእናቱ መጣ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ቡድን ውስጥ በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። የዘረ መል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1970 ይህን በእህል ዘር ምሳሌ አስረድቷል፤ ወደ እኛው ማሳ እናምጣው። ከአንድ ቁና ሰርገኛ ጤፍ ግማሹን ማዳበሪያ በጠገበ ጥቁር አፈር፣ ግማሹን በታጠበ ድንጋያማ ቦታ እንዝራ። በጥቁሩ አፈር ውስጥ አንዱ አገዳ ከሌላው የሚረዝመው፣ አፈሩ ለሁሉም እኩል ስለሆነ፣ በዘሩ ምክንያት ነው። በድንጋያማውም እንዲሁ። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሙሉ በሙሉ የአፈሩ ነው፤ ዘሩ ከአንድ ቁና ወጥቷልና። ስለዚህ በአንድ ቡድን ውስጥ የውርስ ድርሻው ትልቅ መሆኑ፣ በሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ክፍተት ከዘር መጣ አያሰኝም፤ አይለወጥምም አያሰኝም።

የዚህ ማረጋገጫ የጄምስ ፍሊን ግኝት ነው። ፍሊን በ1987 የ14 አገሮችን መረጃ አሰባስቦ የአይኪው ውጤት ከትውልድ ወደ ትውልድ መጨመሩን አሳየ፤ በአማካይ በየአሥር ዓመቱ ሦስት ነጥብ ያህል። ዘረ መል በዚህ ፍጥነት አይለወጥም። የተለወጡት ምግብ፣ ጤና፣ የትምህርት ዘመን ርዝመትና የቤተሰብ መጠን ናቸው። በ2003 ደግሞ ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የ7 ዓመት መንትዮችን አጥንተው፣ በድሃ ቤተሰቦች ውስጥ የዘር ድርሻው ወደ ዜሮ ሲጠጋ በባለጸጋዎቹ ከፍ እንደሚል አገኙ። በአውሮፓ ተመሳሳይ ውጤት አልታየም። አንዱ ግምት፣ ትምህርትና ሕክምና ለሁሉም በሚዳረስበት አገር ድህነት የልጅን ችሎታ ያን ያህል አያፍንም የሚል ነው።

እቤት ውስጥ ምን ይነካዋል?

ጨው እንጀምር። አዮዲን ከሌለ ታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን አያመነጭም፤ ያ ሆርሞን ካነሰ በማህፀን ያለው ጽንስ አእምሮ በትክክል አይገነባም። እንቅርት የሚታየው ምልክት ብቻ ነው፤ ትልቁ ጉዳት አይታይም። ብዙ ጥናቶችን የደመሩ ስሌቶች፣ ከባድ የአዮዲን እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች ያደጉ ልጆች በቂ ካገኙት በአማካይ ከ12 እስከ 13 የአይኪው ነጥብ ዝቅ እንደሚሉ ያሳያሉ። ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም፣ ሌላ አዋቂ 150 ያስፈልገዋል፤ አዮዲን ያለው ጨው ይህን በርካሽ ይሸፍናል። በጉልት ከተከፈተ ማዳበሪያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ጨው ግን ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። የታሸገውን መግዛት፣ እቤት ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጥ ውስጥ ሊወርድ ሲል መጨመር። ከበርበሬ ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጨውን እንደ አዮዲን ምንጭ አለመቁጠር ይሻላል።

ቀጥሎ ብረት። ደም ያነሰው ሕፃን ይደክማል፣ ትኩረቱ ይበተናል። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፤ ከፊሉ ግን በውቂያ ጊዜ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ሊጡ በደንብ መቡካቱ ይረዳል። የሚጎዳው ልማድ ለሕፃን ከምግብ ጋር ሻይ መስጠት ነው፤ ሻይና ቡና ብረቱን አንጀት ውስጥ ያስሩታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ሊድ የተባለው ከባድ ብረት። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ከ2006 ጀምሮ ሊድ ያለው ቤንዚን አቁመዋል፤ ሌሎች ምንጮች ግን ቀርተዋል። የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ግቢ፣ የሚላላጥ አሮጌ ቀለም፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስት፣ አንዳንድ ኩል። ሕፃን ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ሊድ ወደ ደሙ ያስገባል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር ከ2.4 ወደ 10 ማይክሮግራም ሲያድግ የልጁ አይኪው ወደ 4 ነጥብ ይቀንሳል፤ ምልክት ሳይሰጥ። ደህና የሚባል መጠንም የለውም። ባትሪ የሚጠግን አባት የሥራ ልብሱን ደጅ ቀይሮ፣ ታጥቦ ነው ልጁን ማቀፍ ያለበት። ወለሉን በደረቁ መጥረግ አቧራውን ያስነሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

አራተኛው ገንዘብ የማይጠይቀው ጨዋታ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጃማይካ ኪንግስተን፣ ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ ወተት የተሰጣቸው፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የጨዋታ ጉብኝት የተደረገላቸው፣ ሁለቱንም ያገኙ፣ ምንም ያላገኙ። ጉብኝቱ ሁለት ዓመት ቆየ። ጎብኚዎቹ ከሕፃኑ ጋር ተጫውተው የሚሄዱ አልነበሩም፤ እናትየው እንዴት እንደምታጫውተው ያሳዩ ነበር፤ መጫወቻውም ከእቤት ዕቃ የተሠራ ነው። የወተቱ ጥቅም ከጊዜ በኋላ ደበዘዘ። ጨዋታውን ያገኙት ግን በ22 ዓመታቸው ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ደመወዝ ያገኙ ነበር።

የመቀንጨር ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በፈረንጆች 2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። በከተማው ዳር ወላጅ ገና ሳይነጋ ለትራንስፖርት ተሰልፎ ማታ ሲመለስ፣ የሕፃኑ ቀን ያለው በሞግዚት፣ በአያት ወይም በጎረቤት እጅ ነው። ጨዋታውን ማወቅ ያለባት ከሕፃኑ ጋር የምትውለዋ ናት። ትልልቅና ትንንሽ የጠርሙስ ክዳኖችን አቀላቅሎ መስጠት፤ ሕፃኑ ሲለያቸው ስማቸውን መጥራት፤ «ትልቁን የት አደረግከው?» ብሎ መልሱን መጠበቅ፤ ሲሳሳት ከእጁ ቀምቶ አለማስተካከል። ቀኑን ሙሉ የተከፈተ ቴሌቪዥን ይህን አይተካም፤ መልስ አይጠብቅምና።

«አይኪው ይጨምራል» እየተባሉ የሚሸጡ የስልክ ጨዋታዎች በራሱ በጨዋታው ያበረታሉ፤ ወደ ሌላ ማሰብ አይሻገሩም። ለሕፃን ክላሲካል ሙዚቃ ማሰማት የሚባለውም በ1993 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ከታየና ደቂቃዎች ብቻ ከቆየ ውጤት የተጋነነ ነው።

ትምህርት ቤትስ?

እስካሁን ከተፈተኑት መንገዶች ሁሉ ጽኑው እሱ ነው። ኖርዌይ ከ1955 እስከ 1972 ግዴታ የሆነውን ትምህርት ከ7 ወደ 9 ዓመት ስታሳድግ፣ ለውጡ የደረሰው በየወረዳው በተለያየ ጊዜ ስለነበር ማነጻጸር ተቻለ። አንድ ተጨማሪ ዓመት የወጣቶቹን አይኪው 3.7 ነጥብ ጨመረ። ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የ2018 ድምር ጥናትም ለእያንዳንዱ ዓመት ከ1 እስከ 5 ነጥብ አግኝቷል።

«አይገባውም» የተባለ ልጅ ወላጅ ከምን ይጀምር?

ከዓይን። ከኋላ ወንበር ጥቁር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፣ ይሳሳታል፣ «ሰነፍ» ይባላል። እቤት አንዱን ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ከስድስት ሜትር ላይ ፊደል እንዲያነብ ማድረግ ጥርጣሬውን ያሳያል፤ ቀጥሎ የዓይን ክሊኒክ። ከዚያ ጆሮ፤ መግል የሚፈስ ወይም በኩክ የተደፈነ ጆሮ የመምህሩን ድምፅ ግማሹን ይውጣል። ከጀርባው በዝቅተኛ ድምፅ ስሙን ጠርቶ መሞከር ይቻላል። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ የሂሞግሎቢን ምርመራ፤ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ በዴሲሊትር ከ11.5 ግራም በታች ደም ማነስ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላለ ቦታ ግን ሐኪሙ ወለሉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያነበዋል። እንቅልፉንም መቁጠር ነው፤ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ለመያዝ በጨለማ የሚነሳ ልጅ በጊዜ ካልተኛ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ቋንቋውም ይታይ። እቤቱ አፋን ኦሮሞ እየተናገረ ያደገ ልጅ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ የሚዘገየው ሁለት ሥራ በአንዴ ስለሚሠራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ የአይኪው ፈተና ካስፈለገ ፈታኙን አራት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈተናው በየትኛው ቋንቋ ይሰጣል? ልጁ የሚነጻጸረው ከየት አገር ልጆች ጋር ነው? የነጥቡ ስህተት ከየት እስከ የት ነው? ከድምሩ ሌላ የየክፍሉ ውጤት በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? በቅርጽ ጥያቄ ጥሩ ሆኖ በቃላት የወረደ ልጅና በሁለቱም የወረደ ልጅ ድምራቸው ቢቀራረብ እንኳ የሚያስፈልጋቸው እገዛ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው ንባብና የቋንቋ ድጋፍ ይቀድማል፤ ለሁለተኛው የሕክምና ምርመራውን ከመጀመሪያው መድገም።